ከአሸዋ ሥር ያለው ቆፋሪ፦ ተኳሽ ሽሪምፕን በቤት ውስጥ አኳሪየም በደኅና ስለ መያዝ

መግቢያ

ጥልቀት በሌለው ሞቃታማ ባሕር ውስጥ ድምፅ መቀበያ የሚያስገባ ሰው ደረቅ ጭራሮ በእሳት ሲንጣጣ የሚመስል የማያቋርጥ ድምፅ ይሰማል። የዚህ ድምፅ ዋነኛ ምንጭ ተኳሽ ሽሪምፕ በመባል የሚታወቁ፣ አብዛኞቹ ከ5 ሳንቲ ሜትር የማይበልጡ እንስሳት ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሰርጓጅ መርከቦችን በድምፅ ለመከታተል የተዘረጉ መሣሪያዎች በዚሁ ጫጫታ ይታወኩ ስለ ነበር፣ ሳይንቲስቶች እንስሳውን በቅርብ ለማጥናት ተገደዋል።

ዛሬ ከእነዚህ ዝርያዎች አንዳንዶቹ በመልካቸውና ከዓሣ ጋር ባላቸው አስደናቂ ኅብረት ምክንያት በቤት ውስጥ በሚዘጋጁ የኮራል አኳሪየሞች ይያዛሉ። እንስሳውን ለመያዝ የሚያስቡ ሰዎች አስቀድመው የሚጠይቁት «ተኩሱ መስታወቱን አይሰብርምን?» ብለው ነው። በዚህ ጽሑፍ እንደምንመለከተው ግን አኳሪየሙንም እንስሳውንም ለከፋ አደጋ የሚያጋልጠው ከተኩሱ ይልቅ ቁፋሮው ነው። ይህ አደጋ እንስሳው ከመግባቱ በፊት በድንጋዩ አደራደር ሊወገድ የሚችል ነው። ነገሩን በሚገባ ለመረዳትም ከሥነ ሕይወት በተጨማሪ በክፍል ውስጥ የምንማራቸው የፊዚክስና የኬሚስትሪ መርሆዎች ያስፈልጉናል።

ተኳሽ ሽሪምፕ ምን ዓይነት እንስሳ ነው?

ተኳሽ ሽሪምፖች ሸርጣንና ሎብስተር በሚገኙበት የባለ አሥር እግሮች ክፍል ውስጥ አልፊዲ በተባለው ቤተሰብ ይመደባሉ። በአብዛኞቹ ዘንድ ከሁለቱ የፊት መቆንጠጫዎች አንዱ እጅግ ትልቅ ሲሆን ርዝመቱ የአካላቸውን ግማሽ ሊያህል ይችላል። ትልቁ መቆንጠጫ ቢቆረጥ፣ በቀጣዮቹ የቅርፊት ለውጦች ወቅት ትንሹ ወደ ትልቅነት ያድጋል፤ በተቆረጠው ቦታ ደግሞ አዲስ ትንሽ መቆንጠጫ ይበቅላል። ይህን የቦታ መለዋወጥ ኦስትሪያዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ሃንስ ፕርሺብራም በ1901 እ.ኤ.አ. ገልጾታል።

በአኳሪየም ከሚያዙት መካከል ዝንጉርጉሩ አልፊየስ ቤሉለስ እና ቀይና ነጭ መስመሮች ያሉበት አልፊየስ ራንዳሊ ይገኛሉ። ለእኛ አካባቢ ቅርብ የሆነው ደግሞ በቀይ ባሕር የሚኖረውና ስሙ ከጅቡቲ የተወሰደው አልፊየስ ጅቡቴንሲስ ነው፤ ይህ ዝርያ በሳይንሳዊ ስሙ የተመዘገበው በ1909 እ.ኤ.አ. ነው።

ተኩሱ እንዴት ይፈጠራል?

በትልቁ መቆንጠጫ ተንቀሳቃሽ ጣት ላይ ጉብታ፣ በቋሚው ጣት ላይ ደግሞ ይህን ጉብታ የሚቀበል ጎድጓዳ ሥፍራ አለ። መቆንጠጫው ተከፍቶ ጡንቻዎቹ ከተወጠሩ በኋላ በድንገት ሲዘጋ፣ ጉብታው በጎድጓዳው ውስጥ ያለውን ውኃ በሴኮንድ 25 ሜትር ገደማ በሚደርስ ፍጥነት ያስፈነጥረዋል። ይህም በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። በበርኑሊ መርሆ መሠረት የፈሳሽ ፍጥነት ሲጨምር ግፊቱ ይቀንሳል። ግፊቱ ከውኃው የእንፋሎት ግፊት በታች ሲወርድ አረፋ ይፈጠራል፤ ግፊቱ ወደ ነበረበት ሲመለስም አረፋው በኃይል ይጨማደዳል። ይህ ክስተት ካቪቴሽን ይባላል።

ድምፁ የሚፈጠረው ሁለቱ ጣቶች ሲጋጩ ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። ሚሼል ቨርስሉይስና ባልደረቦቹ በ2000 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ፈጣን ካሜራንና የድምፅ መቀበያን በአንድነት ተጠቅመው ድምፁ የሚወጣው አረፋው በሚጨማደድበት ቅጽበት መሆኑን አሳዩ። በተከታዩ ዓመት «ኔቸር» በተባለው መጽሔት በቀረበ ጥናት ደግሞ አረፋው ሲጨማደድ ለዓይን የማይታይ እጅግ አጭር ብርሃን እንደሚሰጥ፣ በውስጡ ያለው ሙቀትም ቢያንስ 5,000 ኬልቪን እንደሚደርስ ተገለጸ።

ታዲያ ይህ መስታወት አይሰብርምን? ሙቀቱ ከፍተኛ ቢሆንም የሚፈጠረው እጅግ በጠበበ ቦታና እጅግ ባጠረ ጊዜ ስለ ሆነ ጠቅላላ ጉልበቱ አነስተኛ ነው። በቅርብ ያለን ትንሽ ዓሣ ወይም ሽሪምፕ ለማደንዘዝ ይበቃል፤ ርቀቱ ሲጨምር ግን ፈጥኖ ይዳከማል። በቤት የሚያዙት ትንንሽ ዝርያዎች ጤናማ የአኳሪየም መስታወት የመስበር አቅም የላቸውም። ሆኖም ድምፁ የመስታወት መሰንጠቅን ስለሚመስል ለጉዳዩ አዲስ የሆነን ሰው ማስደንገጡ የተለመደ ነው።

እዚህ ላይ ተኳሽ ሽሪምፕን ማንቲስ ሽሪምፕ ከሚባለው እንስሳ መለየት ያስፈልጋል። ማንቲስ ሽሪምፕ ስቶማቶፖዳ በተባለ ሌላ ምድብ ውስጥ ያለ አዳኝ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት የአንዱ ዝርያ ምት በሴኮንድ 23 ሜትር ገደማ ፍጥነት እንደሚደርስ ተለክቷል። ትልልቆቹ መቺ ዝርያዎች መስታወት ሊሰነጥቁ፣ የሰውንም ጣት ሊያቆስሉ ይችላሉ። ሁለቱም እንስሳት በዐለት ቀዳዳ ተደብቀው ሳይታወቁ ወደ አኳሪየም ሊገቡ ስለሚችሉ፣ ምንጩ ያልታወቀ የ«ጠቅ» ድምፅ ሲሰማ እንስሳው ሳይለይ እጅን ወደ ቀዳዳ መስደድ አይገባም።

ጉድጓዱና ጎረቤቱ

ቆፋሪዎቹ ተኳሽ ሽሪምፖች ቀኑን ሙሉ አሸዋ እየገፉ ጉድጓዳቸውን ሲያሰፉና ሲጠግኑ ይውላሉ። ዓይናቸው ደካማ ስለ ሆነ ከጉድጓድ ሲወጡ ለአዳኝ ይጋለጣሉ። ጎቢ የተባሉ ትንንሽ ዓሦች ግን ጥሩ የማየት ችሎታ እያላቸው መሸሸጊያ የላቸውም። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ጉድጓድ ይኖራሉ፦ ሽሪምፑ ይቆፍራል፣ ጎቢው በደጃፍ ቆሞ ይጠብቃል። ሽሪምፑ ከጉድጓዱ ሲወጣ አንዱን ረጅም መዳሰሻውን ከዓሣው አካል አያነሣም። ዓሣው አደጋ ሲያይ ጅራቱን ያርገበግባል፤ በዚህን ጊዜ ሽሪምፑ ወደ ውስጥ ይሸሻል።

ይህን ኅብረት በቀይ ባሕር ከገለጹት ቀደምት ጥናቶች አንዱ ሉተር የተባለ ተመራማሪ በ1958 እ.ኤ.አ. በጀርመንኛ ያሳተመው ሲሆን፣ የተመለከተውም ከላይ የጠቀስነውን አልፊየስ ጅቡቴንሲስን ነበር። ዛሬ በዚህ ዓይነት ኅብረት የሚኖሩ ከመቶ በላይ የጎቢ ዝርያዎች ይታወቃሉ። በአኳሪየም ውስጥ ሽሪምፑ ያለ ጎቢ መኖር ቢችልም፣ ተስማሚ ጓደኛ ሲያገኝ ፍርሃቱ ቀንሶ በቀን ብርሃን በብዛት ይወጣል።

የአደጋው ምንጭ፦ አሸዋና ዐለት

የኮራል አኳሪየም ገጽታውን የሚያገኘው እርስ በርስ ከተደራረቡ ዐለቶች ነው። ብዙ ሰዎች መጀመሪያ አሸዋ ያፈሳሉ፤ ከዚያም ዐለቶቹን በአሸዋው ላይ ያስቀምጣሉ። ቆፋሪ እንስሳ በሌለበት አኳሪየም ይህ ችግሩ ላይታይ ይችላል። ተኳሽ ሽሪምፕ ሲገባ ግን ዐለቱን የተሸከመው መሠረት ከሥሩ እየተናደ ይሄዳል። እንስሳው መቆፈር የሚወደውም በትክክል ከዐለት ሥር ነው፤ ዐለቱ ለጉድጓዱ ጣሪያ ይሆንለታልና።

የሚወድቀው ዐለት ምን ያህል ይከብዳል? ይዘቱ 4 ሊትር፣ መጠነ ቁሱ 7.2 ኪሎ ግራም የሆነ ባለ ቀዳዳ የኮራል ዐለት እንውሰድ። የባሕር ውኃ እፍግታ በሊትር 1.025 ኪሎ ግራም ነው። በአርኪሜዲስ መርሆ መሠረት ዐለቱን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል ከ4.1 ኪሎ ግራም ውኃ ክብደት ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ዐለቱ በውኃ ውስጥ 3.1 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 30 ኒውተን ያህል ብቻ ይከብዳል። ይህ እንኳ ሽሪምፕን ለመጨፍለቅ፣ ኮራልን ለመስበር፣ ስለታም ጠርዝ ካለውም የታችኛውን መስታወት ለመሰንጠቅ ይበቃል።

ከዚህ ስሌት አንድ ጠቃሚ ማስጠንቀቂያ ይገኛል። ለጽዳት ተብሎ የአኳሪየሙ ውኃ ሲቀነስ ከውኃ በላይ የወጣው የዐለቱ ክፍል ተንሳፋፊ ኃይሉን ያጣል። ግማሹ ከውኃ ቢወጣ ተንሳፋፊው ኃይል ወደ 2.05 ኪሎ ግራም ይወርዳል፤ በመሠረቱ ላይ የሚያርፈው ክብደት ደግሞ ከ3.1 ወደ 5.15 ኪሎ ግራም ከፍ ይላል። ከሥሩ የተቦረቦረ ክምር ለወራት ጸንቶ ቆይቶ ውኃ በሚቀየርበት ዕለት ሊናድ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የአሸዋውም ጠባይ መታወቅ አለበት። እርጥብ አሸዋ ግድግዳ ሠርቶ የሚቆመው በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ጥቂት ውኃ በገጽ ውጥረት ስለሚያያይዛቸው ነው። አሸዋው ሙሉ በሙሉ በውኃ ሲሞላ ግን አየር ስለማይኖር ይህ መያያዝ ይጠፋል። በመሆኑም ደቃቅና አንድ ወጥ በሆነ አሸዋ ውስጥ የተቆፈረ መተላለፊያ ወዲያው ይደፈናል። ሽሪምፑ የዛጎል ስባሪና ጠጠር ካገኘ እንደ ግንበኛ እያያያዘ ጣሪያና ግድግዳ ይሠራበታል። ይህን ካላገኘ ግን ያለ ዕረፍት ይቆፍራል፤ መጠጊያ ፍለጋም ወደ ዐለቱ ሥር ይበልጥ ይገባል።

አኳሪየሙን እንዴት እናዘጋጅ?

ከላይ የተመለከትናቸውን መርሆዎች ወደ ተግባር ስንለውጥ የሚከተለው ቅደም ተከተል ይገኛል።

1. ይዘቱ ከ80 እስከ 100 ሊትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ አኳሪየም ማዘጋጀት። ውኃው በበዛ መጠን የሙቀትና የጨዋማነት ለውጡ ዝግ ይላል።

2. አሸዋ ከመፍሰሱ በፊት ትልልቆቹን ዐለቶች በታችኛው መስታወት ላይ ወይም በላዩ በተነጠፈ ቀጭን የፕላስቲክ ወንፊት ላይ ማስቀመጥ። እያንዳንዱ ዐለት ቢያንስ በሦስት ነጥቦች መሬት መያዝ ይኖርበታል።

3. የላይኞቹን ዐለቶች ለአኳሪየም በተዘጋጀ ማጣበቂያ ወይም በፕላስቲክ ዘንግ ከታችኞቹ ጋር ማያያዝ።

4. አሸዋ በሌለበት ሁኔታ ክምሩን በእጅ ገፋ አድርጎ መፈተሽ። ያለ አሸዋ ካልተንቀሳቀሰ፣ አሸዋው ቢቆፈርም አይንቀሳቀስም። የጠቅላላው ዝግጅት ዋነኛ ፈተና ይህ ነው።

5. ከዚያ በኋላ አሸዋውን በዐለቶቹ ዙሪያ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ማፍሰስ። ከደቃቁ አሸዋ ጋር የዛጎል ስባሪና እስከ 2 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ጠጠር መቀላቀል ያስፈልጋል።

6. ኮራሎችን ከአሸዋው ከፍ ባለ ዐለት ላይ አጣብቆ ማኖር። ሽሪምፑ በአሸዋ ላይ የተቀመጠ ኮራልን ሊቀብር፣ ትንሽ ቁራጭ ከሆነም ለግንባታ ሊወስድ ይችላል።

7. የፓምፕ መሳቢያዎችን በወንፊት መሸፈን፤ ጎቢ ዓሦች ሲደነግጡ ስለሚዘልሉም አኳሪየሙን በመረብ መክደን።

ዐለቶቹ ቀደም ሲል በአሸዋ ላይ ተቀምጠው ከሆነ፣ እንስሳውን ከማስገባት በፊት አንሥቶ እንደገና መደርደር ይገባል። በዚህን ጊዜ የአሸዋው ቀለም መታየት አለበት። በአሮጌና ጥልቅ አሸዋ ውስጥ ኦክሲጅን የማይደርስበት ክፍል ይፈጠራል፤ በዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች በባሕር ውኃ ውስጥ የሚገኘውን ሰልፌት እየተጠቀሙ የተበላሸ እንቁላል ሽታ ያለውን መርዛማ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ያመነጫሉ። ጥቁር ቀለም የዚህ ምልክት ነው። ቆፋሪ እንስሳ እንዲህ ያለውን ክፍል በድንገት ቢከፍት ራሱንም ሌሎችንም ይጎዳል። ስለዚህ ጥቁሩ አሸዋ አስቀድሞ በየሳምንቱ በጥቂት በጥቂቱ በቱቦ ተስቦ መውጣት ይኖርበታል። ጤናማ በሆነ አሸዋ ውስጥ ግን ሽሪምፑ ራሱ በቁፋሮው ኦክሲጅን ወደ ታች ስለሚያደርስ ጠቃሚ ሠራተኛ ይሆናል።

ውኃው

ከባሕር በራቀ አገር ውኃው በሰው እጅ ይዘጋጃል። በአንድ ኪሎ ግራም የባሕር ውኃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው ይገኛል፤ ከዚህ ውስጥ 19.4 ግራም ክሎራይድ፣ 10.8 ግራም ሶዲየም፣ 2.7 ግራም ሰልፌት፣ 1.3 ግራም ማግኒዥየም፣ ካልሲየምና ፖታሲየም ደግሞ እያንዳንዳቸው 0.4 ግራም ገደማ ናቸው። የገበታ ጨው ወይም የአፋር አሞሌ በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ስለ ሆነ ይህን ሚዛን አይሰጥም። ሽሪምፑ ለቅርፊቱ፣ ኮራሉም ለአጽሙ የሚፈልጉትን ካልሲየም ከውኃው ያገኛሉና ለባሕር አኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀ ጨው በተጣራ ውኃ መበጥበጥ ያስፈልጋል። ሙቀቱ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አንጻራዊ እፍግታው ከ1.023 እስከ 1.026 ሊሆን ይገባል። አሞኒያንና ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንታት መጠበቅ የተለመደ ነው፤ ሁለቱም ዜሮ ሳይሆኑ እንስሳ አይገባም።

በከፍተኛ ቦታ ለምንኖር ደግሞ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፤ በባሕር ጠለል ግን 101.3 ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የውኃ የእንፋሎት ግፊት 3.2 ኪሎ ፓስካል ነው። ይህን ከሁለቱም ቀንሰን ስናካፍል 72.8 ለ98.1፣ ማለትም 0.74 እናገኛለን። በባሕር ጠለል በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክሲጅን የሚይዝ የባሕር ውኃ በአዲስ አበባ የሚይዘው 5 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ነው። በጠባብ ጉድጓድ ውስጥ፣ በተለይም በሌሊት፣ መጠኑ ከዚህም ያንሳል። በመሆኑም የውኃውን ገጽ በደንብ የሚያናውጥ ፓምፕ፣ መብራት ሲጠፋም በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያ በእጅ መኖሩ የግድ ነው። መብራት በጠፋበት ጊዜ ምግብ አለመስጠትና አኳሪየሙን በጨርቅ ሸፍኖ ሙቀቱን መጠበቅም ይረዳል።

እንስሳውን ማስገባትና መንከባከብ

ሽሪምፕ ለድንገተኛ የጨዋማነት ለውጥ እጅግ ስስ ነው። ስለዚህ ከመጣበት ውኃ ጋር በዕቃ ውስጥ አኑሮ የአኳሪየሙን ውኃ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያደረጉ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ማለማመድ ያስፈልጋል። ከገባ በኋላ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ላይታይ ይችላል። ሞቷል ብሎ ዐለት ማንሣትና አሸዋ መቆፈር ግን የሠራውን ጣሪያ በራሱ ላይ መናድ ይሆናል። የሚቀየር አሸዋና ከሥር የሚሰማ ድምፅ በሕይወት መኖሩን ያሳያሉ።

እንደ ዘመዶቹ ሁሉ ሽሪምፑ ለማደግ ቅርፊቱን ይጥላል። አዲሱ ቅርፊት እስኪጠነክር አካሉ ለስላሳ ስለሚሆን በጉድጓዱ ይደበቃል፤ በደጃፉ የሚታየው ባዶ ቅርፊትም ብዙ ጊዜ ሬሳ እየመሰለ ያሳስታል። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ትንሽ የዓሣ ወይም የሽሪምፕ ሥጋ በጉድጓዱ አፍ አጠገብ ማኖር ይበቃዋል።

ጎረቤቶቹም በጥንቃቄ ይመረጡ። እንደ ትሪገር ያሉ አዳኝ ዓሦች ይበሉታል፤ እርሱም በበኩሉ ትንንሽ ጌጠኛ ሽሪምፖችን ሊያደን ይችላል። ከሁሉ በላይ ለዓሣ በሽታ የሚሰጥ መዳብ ያለበት መድኃኒት በዚህ አኳሪየም ፈጽሞ አይጨመርም፤ ለዓሣ መፈወሻ የሆነው መጠን ሽሪምፕንና ኮራልን ይገድላልና። የታመመ ዓሣ በሌላ ዕቃ ተለይቶ ይታከማል።

ማጠቃለያ

ለሽያጭ የሚቀርቡት ተኳሽ ሽሪምፖች በአብዛኛው ከባሕር የተያዙ ናቸው። ተይዞ ረጅም መንገድ የተጓዘ እንስሳ በራሱ ጉድጓድ ውስጥ በዐለት ተጨፍልቆ እንዳይሞት ማድረግ የሚያስፈልገው ወጪ ሳይሆን ቅደም ተከተል ነው፦ ዐለት አስቀድሞ፣ አሸዋ ቀጥሎ፣ እንስሳው መጨረሻ። የቁፋሮ ጠባዩን ልንከለክለው አንችልም፤ ቁፋሮውን የሚችል መሠረት ግን ልናዘጋጅለት እንችላለን። አኳሪየም የሌለው ተማሪም ቢሆን በዚህ አንድ እንስሳ አማካይነት የበርኑሊን፣ የአርኪሜዲስንና የጋዝ ሟሟትን መርሆዎች በሕያው ምሳሌ ሊያጠና ይችላል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ይዘቱ 6 ሊትር፣ መጠነ ቁሱ 10.5 ኪሎ ግራም የሆነ ዐለት ሙሉ በሙሉ በባሕር ውኃ ውስጥ ሲሆንና ግማሹ ከውኃ ሲወጣ በመሠረቱ ላይ የሚያርፈው ክብደት ስንት ኪሎ ግራም ያህል ነው?

2. በባሕር ዳር የአየር ግፊቱ 81.5 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የባሕር ውኃ በዚያ ምን ያህል ኦክሲጅን ሊይዝ ይችላል?

3. እርጥብ አሸዋ ግድግዳ ሆኖ ሲቆም፣ በውኃ የተዋጠ አሸዋ የሚናደው ለምንድን ነው?